እሷ ያለችው መኪና

ባሌ አይሰማኝም ብላ የማታማርር ሚስት ካለች እስቲ ብቅ ትበል። ቀጭኗማ ማማረሩንም አልፋው ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመት ትዳር ውስጥ ባሏ አንድም ቀን የተናገረችውን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምቷት እንደማያውቅ ለእናቷም፣ ለእህቷም፣ ልብስ ሊያስለካ ለመጣ ሰው ሁሉ ስታወራ ኖራለች። ደግሞ እውነቷን ነው። ሽንኩርት ግዛ ያለችው ሰውዬ ሳሙና ይዞ ከች ይላል። ክፋት የለበትም፤ ልቡ ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ነው።

ቀጭኗ የምላችሁ ልብስ ሰፊዋን ነው። “ሰፊዋ” ሲሏት ሰው ወገቧን እያየ ስለሚስቅ “ቀጭኗ ሰፊ” አሏት፤ ውሎ አድሮ “ሰፊ” የሚለው ቀረና ቀጭኗ ብቻ ሆነች። ባሏ ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ ራጅ አንሺ ስለሆነ እሱንም ራጅ ይሉታል። ሁለት ሴቶች ልጆች አሏቸው። የቀጭኗ እናት እማማም አብረዋቸው ነው የሚኖሩት፤ ጉልበታቸው አልታጠፍ ይላቸው እንጂ ምላሳቸው ምንም አልሆነም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቀጭኗ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ወትፋ፣ አንድ የተማሪ ቀሚስ እየጠቀመች፣ ለእህቷ የሆዷን ታወጣ ነበር።

“ይሄ መኪና ጀርባዬን ጨረሰው እኮ! ብድግ ስል ‘እህህ’ ማለት ጀምሬልሻለሁ። አይ፣ ትልቅ እንኳን አልፈልግም። መካከለኛ ይበቃኛል፤ ለቤት የሚሆን። ብቻ ድምፅ የሌለው፣ ለስላሳ፣ እግሬን ጣል ሳደርግበት እሺ ብሎ የሚሄድ። መብራቱም ደህና ይሁን። እንዲያ ያለ መኪና ባገኝ ከዚህ ዓለም ሌላ ምንም አልፈልግ!”

የስፌት መኪናዋን ነው። ልብስ ሰፊ “መኪና” ካለ ስፌቱን ማለቱ ነው፤ መንገድ ላይ የሚሄድ ሌላ መኪና መኖሩም ትዝ አይለው። የቀጭኗ መኪና በእግር የሚረገጥ፣ ከእሷ በፊት የሌላ ሰው የነበረ፣ ወፍራም ጨርቅ ባየ ቁጥር መርፌ የሚሰብር ግትር ነገር ነው። በዚያ ላይ ጠረጴዛው ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎብጣ ነው የምትውለው። አሁን ደግሞ አንድ ሆቴል የዓመት መጋረጃና የአልጋ ልብስ ሥራ ልስጥሽ ብሏታል። እንዲህ ያለ ሥራ በዕድሜዋ መጥቶላት አያውቅም። እስከ ማክሰኞ እሺ ወይም አልችልም ማለት አለባት። በዚያ በግትሩ መኪና ደግሞ መጋረጃ አይሰፋም፤ ሞክራው ሦስት መርፌ በልቶባታል።

እሷ ይህን ስታወራ ራጅ በር ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን እያወለቀ ነበር። ሰማ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚስቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማ። ጉዱም የመጣው ከዚሁ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ዳቦአቸውን ሳይጨርሱ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኩባያ ሁሉ ወደ ጎን ገፋ አደረገና አንድ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ዘረጋ። ወረቀቱ ላይ ጥቁር ሰማያዊ የቤት መኪና ተሥሏል፤ እንዲያው ሲያዩት የሚያስነጥስ አዲስ።

“ምንድነው ይሄ?” አለች ቀጭኗ።

“መኪናሽ ነዋ!”

“የኔ?”

“ቅንጡ የሚባለው ዓይነት ነው። ግን ተመልከቺ፣ የሹመኛ አይመስልም። መጠኑ መካከለኛ ነው፤ ለቤተሰብ የተሠራ፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት ማድረሻ፣ ገበያ መሄጃ፣ እማማን ሐኪም ቤት መውሰጃ።” ከኪሱ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። አራት ገጽ ሙሉ ጽፏል። “የኋላ ወንበሩ ለእማማ ጉልበት አንድ ክንድ ሙሉ ቦታ አለው። የዕቃ መጫኛው ስድስት ጥቅል ጨርቅ ይወስዳል፤ አስቤልሻለሁ። ነዳጅ አይጠጣም። ደግሞ ዋናው፣ ድምፅ የለውም። ለስላሳ ነው። እግርሽን ጣል ስታደርጊበት እሺ ብሎ ይሄዳል። መብራቱም ደህና ነው።”

ቀጭኗ የያዘችው ሻይ አፏ ጋ ሳይደርስ ቀረ። እነዚህን ቃላት የሆነ ቦታ ሰምታቸዋለች። የት እንደሰማቻቸው ሲገባት ልቧ ድንግጥ አለ። የራሷ ናቸው!

“ማን ነገረህ እንዲህ ያለ እንደምፈልግ?”

ራጅ ፊቱ ጥርስ በጥርስ ሆነ። “አንቺ! ሐሙስ ለእህትሽ ስትነግሪ ሰማኋ! አይሰማም፣ አይሰማም ስትዪ ኖርሽ አይደል? ይኸው ሰማሁሽ። አንዲት ቃል ሳትቀር። ዛሬ በአራት ሰዓት ልንሞክረው ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ከወደድሽው ሰኞ እንፈርማለን።”

ልጆቹ እልል ብለው ተነሡ። ያለቻቸው መኪና ጠዋት ጠዋት ሳትስል የማትነሣ፣ “እትዬ ሳል” ብለው ስም ያወጡላት አሮጌ ናት፤ የትምህርት ቤት በር ላይ ስታደርሳቸው ጎንበስ ብለው ነው የሚወርዱት። ትልቋማ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

እንግዲህ ምን ይባላል? ያጠራቀሟት ገንዘብ አንድ ናት። ለዚህ ቅንጡ ቅድሚያ ክፍያ ከሄደች ተጠራርጋ ትሄዳለች፤ ከዚያ አምስት ዓመት ከደመወዙ እየተቆረጠ ነው። የስፌት መኪናውም፣ ሆቴሉም፣ ደህና ሰንብቱ። ቀጭኗ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበችው። “አንተ፣ ተሳስተሃል” የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። የባሏን ፊት ስታይ ዋጠችው። አሥራ ሰባት ዓመት ስሚኝ ስትለው የኖረች ሴት፣ ሰማሁሽ ብሎ እንዲህ ሲያበራ፣ እንዴት ብላ ታጥፋው? አራት ገጽ ጽፎላታል። ጥቅል ጨርቋን ሳይቀር አስቦላታል። ደስ አላት፤ ደግሞ አልቅሺ አልቅሺ አላት፤ ሁለቱም አንድ ላይ።

“እግዜር ይስጥህ” አለችው፤ ከልቧ ነበር።

ወጥ ቤት ስትገባ እማማ ዱላቸውን እየጎተቱ ተከተሏትና በሩን ገጠም አደረጉ። ሐሙስ ዕለት አጠገቧ ተቀምጠው ነበርና ሁሉንም ያውቃሉ።

“ንገሪው!”

“እንዴት ብዬ፣ እማዬ?”

“በአፍሽ ነዋ! የስፌቱን ነው ያልኩት በይው። ዛሬ ካልነገርሽው ከዚያ ግትር ጋር አብረሽ መቀበርሽ ነው። ኋላ ጀርባዬን፣ ወገቤን ስትዪ እኔ ጆሮ የለኝም!”

“ሆዱ ይብሰዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ እኮ ነው የሰማኝ።”

“ታዲያ ሰማ ነው የሚባለው ይሄ?” አሉ እማማ። ቀጭኗ ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ፤ ነገሩ ግን እዚያው እንደተንጠለጠለ ቀረ።

በአራት ሰዓት መሸጫው ደረሱ። ልጆቹን ጎረቤት ትተው ሦስቱ ነበሩ የመጡት። የተቀበለቻቸው ሻጭ ሃምሳ የሚጠጋት፣ ንግግሯ የታረመ፣ ሱፍ ልብስ የለበሰች ሴት ናት። ቀጭኗ ሰውን ከፊቱ በፊት በልብሱ ስለምታየው፣ የሴትየዋ ኮት ገበር በግራ በኩል እንደለቀቀ ገና ሰላም ሳትላት አይታለች።

“ማን ነው የሚሞክረው?” ስትል ሻጯ ራጅ ሚስቱን ወደ ፊት ገፋ አደረጋት። “እሷ ናት። የምትነዳው እሷ ናት።”

ቀጭኗ መንጃ ፈቃድ አላት። እትዬ ሳልን ግን ስትነዳ ትከሻዋ ጆሮዋ ድረስ ስለሚወጣ አትወድም። እየፈራች ገባች። ተቀመጠች። እጇን መሪው ላይ ስታሳርፍ ጣቷ ስፌት ነካ። ቆዳው ከስር ተገናኝቶ የተሰፋበትን ቦታ በአውራ ጣቷ ተከተለችው፤ እኩል፣ አንዱ ከአንዱ ያልበለጠ። ወንበሩን ዳሰሰችው፤ ጥንድ ስፌት። የበሩን ስፌትም ዳሰሰችው።

“ይሄን ምን ዓይነት መኪና ነው የሰፋው?” አለች ሳታስበው።

ሻጯ ትንሽ ግራ ገባት። “መኪናው… መኪናው ራሱ ነው እኮ፣ እመቤት።”

እማማ ከኋላ ሳል ሳል አላቸው። የውሸት ሳል ነው።

ሞተሩ ሲነሣ መነሣቱን ያወቀችው መብራት ስላየች ብቻ ነው። እግሯን ጣል ስታደርግ እሺ ብሎ ሄደ። ሃያ ዓመት ስትረግጥ የኖረች እግር ናት፤ ምን ያህል ቢነኩት ምን ያህል እንደሚሄድ ወዲያው ገባት። ከመንታ መንገዱ፣ ከመብራቱ፣ ከአደባባዩ ሳትንገጫገጭ ወጣች። ሻጯ እንኳን “እጅዎ ጥሩ ነው” አለቻት። “እግሬ ነው” አለች ቀጭኗ።

“ውይ ልጄ፣ ይሄማ አልጋ ነው!” አሉ እማማ ከኋላ። ጉልበታቸውን ዘርግተው፣ ዱላቸውን አስተኝተው፣ ዓይናቸው ክድን ክድን ይላል። “እንዲህ ያለውስ ነገር ምንም አይባልበት። የምን መናገር ነው፣ ዝም በይ ብቻ ንጂ!”

ቀጭኗ በመስተዋቱ አየቻቸው። ጠዋት ንገሪው ሲሉ በር የዘጉት ሴትዮ፣ በአንድ ለስላሳ ወንበር ተገዝተዋል! እኔም ብሆን አልፈርድባቸውም፤ መኪናው ቆንጆ ነበር። ቀጭኗ ራሷ ለአፍታ ያህል ተውኩት፣ ሆቴሉም ይቅርብኝ፣ ይሄን ሰው አላሳዝነውም ብላ ነበር። ልጆቼ ጎንበስ ሳይሉ ይወርዳሉ፤ እናቴ ጉልበቷን ትዘረጋለች፤ እኔ ደግሞ አንድ ሰው አስቦልኛል፤ ሌላ ምን ይምጣልኝ አለች በልቧ።

“ጀርባሽስ?” አላት ራጅ።

“እ?”

“ጀርባሽ። ተስማማው?”

“ደህና ነው።”

 ራጅ ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ ሻጯ መኖሯንም ረስቶ፣ ወፍራም ድምፅ አውጥቶ ጀመረ።

“በቀን ሠላሳ ጀርባ አያለሁ እኮ። የማላውቀውን ሰው አከርካሪ አንድ በአንድ ስቆጥር ነው የምውለው። ያንቺን አላየሁም። ሐሙስ ‘ይሄ መኪና ጀርባዬን ጨረሰው’ ስትዪ ስሰማ ሽምቅቅ አልኩ። እትዬ ሳል ወንበር ላይ ያስቀመጥኩሽ እኔ ነኝ። ሽቦው እየወጋሽ፣ ነገ አሠራዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ አሠራዋለሁ ስል ስንት ዓመት! ከሐሙስ ወዲህ እህል ከጉሮሮዬ አልወርድ ብሏል። ለዚህ ነው መኪናውን የፈለግሁት። ይቅር በይኝ።”

ቀጭኗ መኪናውን ዳር አስይዛ አቆመችው። እስካሁን ዝም ያለችው ደስታውን ላለመንጠቅ ነበር። ያልሠራውን ጥፋት ተሸክሞ እንዲኖርማ እንዴት ትተወው? መናገር ከባድ የነበረው እስከዚያች ደቂቃ ብቻ ነው።

“አንተ፣ ስማኝ። እኔ ያልኩት የስፌት መኪናዬን ነው።”

ራጅ ከመስኮቱ ዞረ።

“የስፌት?”

“የስፌት።”

“እትዬ ሳል አይደለችም?”

“እትዬ ሳል ምን አደረገችኝ? ሽቦ ያለው ያንተ ወንበር ላይ ነው!”

 ራጅን ሳቅ ያዘው። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ቀጥሎ በሆዱ፣ በመጨረሻ እንባው ወረደ። ከኋላ እማማም ሳቁ፤ ሻጯ የሳቁ ምክንያት በቅጡ ሳይገባት በእጇ አፏን ሸፈነች። “እኔ አይደለሁም! እኔ አልጨረስኳትም!” ይላል ራጅ ጉልበቱን እየመታ። ሦስት ቀን ሙሉ ደረቱ ላይ የነበረው ድንጋይ ወርዶለታል።

በመሃል ሳቁ ቀጥ አለ።

“የትኛው የስፌት መኪና?”

“ስንት ያለኝ መሰለህ?”

“ያ በእግር የሚረገጠው? እኔ አራት ዓመት ኮሌጅ ስማር የሰፋሽበት?”

ቀጭኗ የመሪውን ስፌት በአውራ ጣቷ መከተል ጀመረች።

“የትምህርቴ ክፍያ ከዚያ ነው የወጣው። መጽሐፌም። ነጩን ጋውኔንም ራስሽ ነሽ የሰፋሽልኝ። ወይ ጉድ! አሁንም እኮ ያው እኔው ነኝ የጨረስኩሽ።”

“ማን ጨረስከኝ አለህ? ይኸው ቁጭ ብያለሁ። ወድጄ ነው የሰፋሁት፤ ነገም ልስፋ ብዬ ነው መኪና ያማረኝ።” እጁን ያዘችው። “ደግሞ ሌላ ነገር ስማ፤ ዛሬ ጆሮህ ተከፍቷልና። መኪናውን ተሳሳትክ እንጂ እኔን ሰምተኸኛል። ሦስት ቀን እህል አልወርድ ያለህ በእኔ ጀርባ ነው። እኔ ለዚህ ሰው ምን ብዬ አመስግኜ እጨርሰዋለሁ?”

ስለ ሆቴሉም ነገረችው፤ ስለ ማክሰኞም፤ ስለ ሦስቱ መርፌም። ሰማት፤ አሁንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።

“የት ነው የሚሸጠው?” አለ ስትጨርስ።

መኪናውን አስነሣች። መንገዱን መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ከዚያ ሱቅ መስተዋት ፊት ስንት ጊዜ ቆማለች!

ሻጯ ትንሽ ከሄዱ በኋላ ከኋላ አንገቷን አሰገገች። “ይቅርታ፣ ወደ መሸጫው የሚመልሰው በዚህ አይደለም።”

“እናውቃለን፣ እመቤት። መኪና ልንገዛ ነው” አለ ራጅ።

“እንዴ! ታዲያ ይሄስ?”

“ይሄማ ጎበዝ ነው፤ እያደረሰን እኮ ነው።”

ሴትየዋ መጀመሪያ ልትቆጣ አስባ ነበር መሰለኝ፤ ሰዓቷን አየች፣ እማማን አየች። ከዚያ ተወችው። “ቶሎ ከመለሳችሁኝ ምንም አይደል” አለች። “ኮትዎን ሰኞ ይዘው ይምጡ፣ ገበሩን በነፃ እሠራልዎታለሁ” አለቻት ቀጭኗ በመስተዋቱ እያየቻት። ሴትየዋ ኮቷን ገለጥ አድርጋ አይታ ደነገጠች።

የስፌት መኪና መሸጫው ጠባብ ሱቅ ነው። ባለሱቁ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሽማግሌ ናቸው። ደጃፋቸው ላይ ያ የሚያብረቀርቅ መኪና ሲቆም ዋጋውን ከፍ ለማድረግ አፋቸውን ማሟሸት ጀምረው ነበር፤ ሻጯ ቀደመቻቸው። “መኪናው የመሥሪያ ቤቴ ነው፤ ለእነዚህ ሰዎች ትክክለኛውን ዋጋ ይንገሯቸው” አለች። ሻጭ ለገዢ እንዲህ ሲከራከር የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ራጅ ደብተሩን አውጥቶ አዲስ ገጽ ገልብጦ ሚስቱን እየጠየቀ ይጽፋል፤ ስንት ድርብ ጨርቅ ይሰፋል፣ የታች ክሩ በምን ይሞላል፣ መብራቱ የት በኩል ነው።

“ይሞክሩት” አሉ ባለሱቁ፣ አንዱን ሰክተው።

ቀጭኗ የተቀመጠችው ጎብጣ ነው። ልማድ ሆኖባታል፤ ጀርባዋ ሌላ አቀማመጥ አያውቅም። ራጅ አያት። በሥራው ላይ ሰው እንደሚያየው አድርጎ፣ ረዘም አድርጎ አያት። ከዚያ ከኋላዋ በርከክ አለና የጠረጴዛውን ማስተካከያ በአንድ እጁ እያዞረ፣ ሌላውን መዳፍ አከርካሪዋ ላይ አሳረፈ። ጠረጴዛው ከፍ አለ። ትከሻዋ ተከተለው። “ቀና በይ” አላት። “ትንሽ ደግሞ። አገጭሽን አንሺ። እንደሱ። አሁን ትንፋሽሽን ያዢ” አላት፣ ራጅ ሲያነሣ ለሰው ሁሉ እንደሚለው።

ያዘች። እግሯን ጣል ስታደርግ መኪናው ድምፅ ሳያሰማ ባለሱቁ ባቀበሏት ወፍራም ጨርቅ ላይ ሄደ፤ አራት ድርብ፣ ቀጥ ያለ መስመር፣ መርፌው ምንም ሳይሆን። ጀርባዋ ቀጥ ብሏል። በዚያ ቁመት ተቀምጣ ሰፍታ አታውቅም። ራጅ መዳፉን አላነሣም። እጁ ሥር ያሉትን አጥንቶች አንድ በአንድ ከታች ወደ ላይ ይቆጥራቸዋል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እንባው አፍንጫው ጫፍ ደርሷል። ባለሱቁም ሻጯም ቆመው ያያሉ።

“ኧረ ራጅዬ!” አሉ እማማ ከበሩ። “ልጄን ልቀቃት፣ ትተንፍስ!”

“ተንፍሺ” አላት ራጅ። “ተንፍሺ፣ የኔ እናት።”

ቀጭኗ ተነፈሰች።